ሲስተም የለም

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። የደወለችው መርካቶ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ በጅምላ የሚያከፋፍል አንድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ናት። እኔ የድርጅቱ ቋሚ ሠራተኛ አይደለሁም፤ ኮምፒውተር ሲቆም፣ ፕሪንተር እምቢ ሲል፣ ዋይፋይ ሲጠፋ የምጠራ ሰው ነኝ። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። ወትሮ ሰላምታዋ ከእናቴ ጤና ጀምሮ እስከ ጎረቤት ይዘልቃል። የዚያን ቀን ግን ሰላምታም የለ፣ ምንም የለ።

"ቶሎ ና። ፒችትሪ አልከፍት አለኝ። የፋይሎቹ ስም ሁሉ ተቀይሯል።"

ፒችትሪ፣ የሒሳብ ፕሮግራሟ፣ አልከፍት ማለቱ የተለመደ ነው። የፋይሎቹ ስም ተቀይሯል ስትል ግን ሆዴን ባር ባር አለኝ።

ደርሼ ሳይ፣ ስክሪኑ ላይ የነበሩት አረንጓዴ የኤክሴል ምልክቶች ጠፍተው ሁሉም ነጭ ወረቀት መስለዋል። ከእያንዳንዱ ፋይል ስም ኋላ ትርጉም የሌላቸው አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተቀጥለዋል። በየፎልደሩ ደግሞ አንድ አንድ አጭር ደብዳቤ ተቀምጧል። ከፈትኩት። ፋይሎቻችሁን ቆልፈናል፣ የቁልፉ ዋጋ 980 ዶላር ነው፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከጻፋችሁልን ግን በግማሽ እንቀንስላችኋለን፣ 490 ዶላር። እትዬ ከኋላዬ ቆማ ስታነብ ቆየችና፦

"ቅናሽም አላቸው?" አለች። የመርካቶ ሰው መቼም።

ይህ ራንሰምዌር የሚባለው ነው። የእሷን ኮምፒውተር ያገኘው ዲጄቪዩ በሚል ስም የሚታወቀው ዘር ነበር። ይሄኛው ትልልቅ ባንክ ፍለጋ አይሄድም፤ የሚያድነው እንደኛ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ፣ ፕሮግራም የሚጭነውን ሰው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የድርጅቱ ባለቤት የእህት ልጅ ፒዲኤፍ ማረሚያ ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ መጥቶ ጫነላት። ሲጭን አንቲቫይረሱ ጮኸበት። አንቲቫይረሱን አጥፍቶ ጫነው። ልጁ ክፋት አልነበረውም፤ እኔም በሃያዎቹ ዕድሜዬ ስንት ቦታ እንዲያው አድርጌ እንደጫንኩ የማውቀው እኔ ነኝ።

ባክአፕስ? እዚህ ላይ ነው የእኔ ኀፍረት የሚጀምረው። ከዓመት በፊት አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ አስገዝቼ "ማታ ማታ ከመውጣትሽ በፊት እዚህ ላይ ገልብጪ" ብያት ነበር። እትዬ የተባለችውን የምታደርግ ሰው ናት። አንድ ማታ አላጓደለችም። ማንም እንዳይነቅልባት ደግሞ የዲስኩን ገመድ በነጭ ፕላስተር ኮምፒውተሩ ላይ አጣብቃ፣ በላዩ በቀይ እስክርቢቶ "አይነቀል" ብላ ጽፋበታለች። ዲስኩን ከፈትኩት። እዚያም ነጭ ወረቀት፣ እዚያም አራት ፊደል። ኮምፒውተሩን የቆለፈው ነገር አጠገቡ ተሰክቶ ያገኘውን ሁሉ አብሮ ቆልፏል። ገልብጪ አልኳት እንጂ ንቀይ አላልኳትም። "አይነቀል" የሚለውን ጽሑፍ እያየሁ ምን እንደምላት ጠፋኝ።

አንድ ነገር ብቻ ተስፋ ሰጠኝ። ይህ ቫይረስ ሲ ድራይቭ ውስጥ የተጠቂውን መለያ ቁጥር የሚያስቀምጥበት ፎልደር ይፈጥራል። ከረጅሙ ቁጥር የሚታዩት መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ምልክቶች ናቸው። ቲ እና 1 ሆኑ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቫይረሱ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ ወደ ጌቶቹ ሰርቨር ደውሎ ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ የተሠራ ቁልፍ ይቀበላል። መስመር ካጣ ግን ራሱ ይዞት በሚዞረው፣ ለብዙ ሰው በሚያገለግል አንድ ቁልፍ ይቆልፋል። ቲ1 ማለት መስመር አላገኘም ማለት ነው። ለካ በዚያ ሳምንት መንገድ ሲቆፈር ገመድ ተቆርጦ ከረቡዕ ጀምሮ ሕንፃው ውስጥ ኢንተርኔት አልነበረም። እትዬ ሦስት ቀን ሙሉ የተማረረችበት ነገር ነው ያተረፋት።

ኢምሲሶፍት የሚባል ድርጅት ለዚህ ዘር በነፃ የሚሰጠው መፍቻ አለ። መፍቻው ለእኛ ዓይነት የሚሆነውን ቁልፍ ገና አላገኘሁም አለን። እንዲገኝ ደግሞ አንድ የማናውቀው ሰው፣ የሆነ አገር ላይ፣ ለሌቦቹ ከፍሎ የተቀበለውን ቁልፍ ለሌላው እንዲተርፍ መስጠት ነበረበት። ሦስት ሳምንት ጠበቅን።

በሦስቱ ሳምንታት ድርጅቱ ቆመ? አልቆመም። ያላቆመው ግን የእኔ ሙያ አይደለም፤ ቢን ካርድ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ከእያንዳንዱ ዕቃ አጠገብ በሲባጎ የተንጠለጠለች ጠንካራ ካርድ አለች። ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። የቧንቧ ክርን፣ ግማሽ ኢንች፣ ገቢ 400፣ ወጪ 60፣ ቀሪ 340፣ ቀን፣ ፊርማ። ስቶር ኪፐሩ ስድሳ ያለፋቸው አባት ናቸው፤ ኮምፒውተር ከገባ በኋላ እንኳን ቢን ካርዱን አልተዉም። ሁለት ጊዜ ድርብ ሥራ ነው ተብለው እንደተገሰጹ ሰምቻለሁ። ከዚያ በላይ የካሽ ሬጂስተሩ ዜድ ሪፖርት፣ የቀኑ ሽያጭ ማጠቃለያ ወረቀት፣ ነበረ። ያ ወረቀት ቶሎ ይደበዝዛል፤ እትዬ ግን ፎቶ ኮፒ እያደረገች ታስቀምጥ ነበር። የዱቤ ደብተሩም ነበረ። እትዬ ከሁለት ልጆች ጋር ሆና ከእነዚህ ተነስታ የስምንት ወር ሒሳብ እንደገና አስገባች። ቁልፉ ተገኝቶ ፋይሎቹ ሲፈቱ ሥራዋ ሊያልቅ የቀራት ትንሽ ነበር። ሁለቱን አስተያየናቸው፤ የተለያየው የሁለት ደረሰኝ ብቻ ነው፤ በአንደኛው ደግሞ የተሳሳተው ፒችትሪው ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ሳነብ አንድ ታሪክ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በጂቡቲ መንገድ የሄደ ሰው ባለ ነጭ ኮከቡን የሜርስክ ኮንቴይነር ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2017 የዚህ የዴንማርክ ኩባንያ ኮምፒውተሮች በዓለም ዙሪያ በአንድ ቀን ጠፉ። የገባው ነገር ኖትፔትያ ይባላል። መግቢያው ምን ሆነ ብትሉ፣ የሒሳብ ፕሮግራም! ዩክሬን ውስጥ ለግብር የሚጠቀሙበት ኤም.ኢ.ዶክ የተባለ ፕሮግራም አፕዴት ሲላክለት መርዙ አብሮ ተላከ። ሜርስክ ኦዴሳ በሚገኘው ቢሮው በአንድ ኮምፒውተር ላይ ያ ፕሮግራም ተጭኖ ነበር። የአሜሪካና የብሪታኒያ መንግሥታት በኋላ የሩሲያን ጦር በይፋ ተጠያቂ አድርገዋል፤ ዒላማው ዩክሬን ነበረች፣ ሜርስክ የመንገድ ተጎጂ ነው። ገንዘብ ክፈሉ ይላል እንጂ ቢከፈለውም የሚፈታ አልነበረም፤ አጥፊ ነው።

ሜርስክ ባክአፕ ነበረው። ያልነበረው የአንድ ነገር ባክአፕ ነው። የትኛው ሠራተኛ ማን እንደሆነና የት እንዲገባ እንደሚፈቀድለት የሚያውቁት ሰርቨሮች ወደ 150 ገደማ ነበሩ፤ በየአገሩ ተበትነው አንዱ ከሌላው ይገለብጣል። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተካዋል የሚል ሐሳብ ነው። ሁሉም በአንድ ቀን ይጠፋሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። የእትዬ ፕላስተር በትልቁ ይኸው። እነሱ ከሌሉ ደግሞ ሌላውን ማስነሳት አይቻልም። እንግሊዝ አገር የተሰበሰቡት ባለሙያዎች በየቢሮው ሲደውሉ፣ ሲደውሉ፣ ጋና ላይ አንድ የተረፈ አገኙ። የተረፈው ጥቃቱ ከመድረሱ በፊት መብራት ጠፍቶ ከመስመር ውጪ ስለነበረ ነው።

መብራት ጠፍቶ! ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ቀጥሎ ያለው ግን ሀበሻ ካልሆነ ሌላው ሰው በቅጡ የሚገባው አይመስለኝም። ዳታውን በኢንተርኔት እንዳይልኩት መስመሩ ቀጭን ስለሆነ ቀናት ይወስዳል። ሰው ይዞት ይምጣ ቢባል የጋናው ቢሮ ሠራተኞች የእንግሊዝ ቪዛ የላቸውም። ስለዚህ አንዱ ዲስኩን ይዞ ናይጄሪያ በረረ፤ እዚያ ኤርፖርት ለሌላ ሠራተኛ አስረከበው፤ ያኛው ወደ ለንደን ይዞት ሄደ። የዓለምን የመርከብ ጭነት ትልቅ ድርሻ የሚያንቀሳቅስ ኩባንያ ዕጣው በአንድ ሰው የእጅ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ስድስት ሰዓት ተኩል በረረ። በአሥር ቀን ውስጥ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደ አዲስ መጫናቸውን የኩባንያው ሊቀመንበር በዓመቱ ዳቮስ ላይ ተናግረዋል። ኪሳራው ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ።

እንግዲህ መብራት መጥፋት ጥሩ ነው ልል አይደለም፤ ጄኔሬተር የሚገዛው ሰው ይሰማኛል። የጋናው ሰርቨርና የእትዬ ቲ1 የዕድል ጉዳይ ናቸው። ዕድል ያደረገውን ሰው አስቦ ሊያደርገው ይችላል ነው የምለው። ዲስኩን መንቀል። አንዱን ሌላ ሠፈር ማስቀመጥ። ቢን ካርዱን አለመተው።

ይህን ሳስብ ነው "ሲስተም የለም" የምትለዋ ንግግር የምታናድደኝ። ባንክ ሄደህ ሲስተም የለም። ክፍለ ከተማ ሄደህ ሲስተም የለም። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ እንደ ዝናብ ነገር አድርጋ ነው የምትነግርህ፤ እሷም ምን ታድርግ።

አንድ ቀን እናቴን ለስኳር ክትትሏ ይዣት ሄጄ ነበር፤ የሆስፒታሉን ስም ልተወው። ድሮ ካርድ ክፍል ገብተህ ከዚያ ሁሉ ቢጫ ፎልደር ያንተን እስኪያወጡ አንድ ሰዓት ትቆማለህ። አሁን ኮምፒውተር ገብቷል፤ ካርዱ ፈጥኖ ይገኛል፤ ተመስገን ነው። የዚያን ቀን ግን ሲስተም የለም ተባለ። ከሩቅ የመጡ፣ ዘመድ ቤት ያደሩ ሰዎች ነገ ተመለሱ እየተባሉ ነው። እናቴ የምትወስደውን መድኃኒት ስም አታውቅም፤ ነጯ፣ ትንሿ፣ ጠዋት የምትዋጠዋ ነው የምትለው። ተስፋ ቆርጠን ልንወጣ ስንል አንዲት ነርስ ከጋውኗ ኪስ ባለ ካሬ ደብተር አወጣች። የክትትል ታካሚዎቿን ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ያለፈውን የስኳር መጠን፣ መድኃኒቱን ከነመጠኑ በእጇ ጽፋ ይዛለች። ለካ፣ ተረኛ በሆነችበት ቀን ሁሉ ትጽፋለች። አጠገባችን የተቀመጡ አዛውንት "ሲስተም ባይኖር ሲስተር አለችልን" ብለው አሳቁን።

ማን አዘዘሽ ብዬ ጠየቅኳት። ማንም። እዚህ ላይ ነው ሥጋቴ። ልጅቷ ነገ ብትዛወር ደብተሩ አብሯት ይሄዳል። ደግሞም የሰው ሕመም የተጻፈበት ደብተር በኪስ መዞሩ በራሱ ጣጣ ነው። ያን ደብተር ሆስፒታሉ ራሱ ማሳተም፣ ሳጥን ውስጥ መቆለፍ፣ ሲስተም ሲጠፋ ማን እንደሚያወጣው፣ ሲመለስም ማን ወደ ኮምፒውተር እንደሚያስገባው መወሰን ነበረበት። ይህን ለማድረግ ኤክስፐርት ከውጭ አይመጣም።

አየርላንድ እንኳን፣ ሀብታሟ አገር፣ ያገኛት ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 2021 አንድ የጤና አገልግሎቱ ሠራተኛ በኢሜይል የመጣለትን የኤክሴል ፋይል ከፈተ። ከዚያ በኋላ ስምንት ሳምንት ሌቦቹ ውስጥ ለውስጥ ሲንሸራሸሩ ከረሙ። የዚያ የመጀመሪያው ኮምፒውተር አንቲቫይረስ በማርች መጨረሻ አይቷቸው ነበር፤ ግን "ተመልከት እንጂ አትከልክል" በሚል ሁኔታ ተስተካክሎ የተተወ ነበር። ሌባ ሲገባ አይቶ መዝገብ ላይ ጽፎ የሚቀመጥ ዘበኛ በሉት። ሜይ 13 ቀን የደህንነት ሶፍትዌሩን የሚያቀርበው ድርጅት ቢያንስ 16 ማሽኖች ላይ ያልተስተናገደ አደጋ አለ ብሎ ኢሜይል ላከ። የተሰጠው መልስ ሰርቨሮቹ ሪስታርት ይደረጉ የሚል ነበር። የእኛ ሙያ ሰው ይህን ሲያነብ ራሱን ያያል፤ አጥፍተህ አብራው ያላልን ማን አለ። በማግስቱ ሌሊት ኮንቲ የተባለው ራንሰምዌር የአገሪቱን ሆስፒታሎች ቆለፈ። ሐኪሞቹ ወደ ወረቀትና እስክርቢቶ ተመለሱ፤ የካንሰር የጨረር ሕክምና ሳይቀር ተስተጓጎለ። መንግሥት አልከፍልም አለ። ከስድስት ቀን በኋላ ሌቦቹ ራሳቸው ቁልፉን በነፃ ሰጡ። ቁልፉ በእጅ እያለ እንኳን ሰርቨሮቹ ሁሉ እስኪፈቱ መስከረም ደርሷል፤ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21።

ይህን ሁሉ ዝርዝር እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ የማውቀው ለምንድን ነው? ጤና አገልግሎቱ ጉዳዩን በውጭ መርማሪ አስጠንቶ፣ ያንን ሪስታርት የምትለዋን ሳይደብቅ፣ ሪፖርቱን ለሕዝብ ስላወጣው ነው። እዚህ ግን ይህ ነገር እንደ ገመና ይያዛል። የእትዬ አለቃ፣ ጋሼ፣ መጀመሪያ የተናገሩኝ ነገር "ይህ ወሬ ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ" የሚል ነው። አበዳሪ ይሸሻል፣ ደንበኛ ይሸሻል ብለው ነው፤ አልፈርድባቸውም። ኢንሳ በየጊዜው ስንት የጥቃት ሙከራ እንደተደረገ ቁጥር ያወጣል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁም ቁጥር 958/2008 ሆኖ ከወጣ ቆይቷል። እኔ የምፈልገው ግን አንዱ ተቋም እንዴት እንደገቡበት፣ የቱ ጋ እንደተኛ፣ በምን እንደተነሣ ቁጭ ብሎ የሚተርክልኝ ነው። ሌላው ከዚያ ይማራል። አንድ የማናውቀው ሰው ቁልፉን ባይሰጥ እኛም ፋይላችን ባልተፈታ።

ሁሉ ነገር ደግሞ ሌባ አይደለም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት የንግድ ባንክ ኤቲኤም ካላቸው በላይ ለሚጠይቁት ሁሉ እሺ ሲል፣ ተማሪው በየዩኒቨርሲቲው ሲሰለፍ፣ ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ ሲስተም ሲታደስ የተፈጠረ ችግር ነው ብሏል። ከአራት ወር በኋላ ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ በላከው አንድ የተበላሸ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ተዘረሩ፤ አውሮፕላኖች ቀሩ። ጠባቂው ራሱ በሩን ዘጋው። ለታካሚዋ፣ ለተጓዡ፣ መስኮቱ ፊት ለቆመው ሰው ልዩነቱ ምን ነው? መልሱ ሲስተም የለም ነው።

አፕዴት አታድርጉ ማለቴ እንዳይመስል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሲያምስ መድኃኒቱ፣ የማይክሮሶፍት አፕዴት፣ ከተለቀቀ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። እኛ ዘንድ አፕዴት የሚጠፋው በስንፍና ብቻ አይደለም፣ ፓኬጅ ይበላል ተብሎ ነው። በሞባይል ዳታ የሚሠራ ቢሮ ስንት አይቻለሁ።

ጋሼን አሁን ላሳምን ስሞክር በሌላ ቋንቋ ነው የማወራው። ለመጋዘኑ ሁለት ዘበኛ፣ የብረት በርና ሦስት ጓጉንቸር አላቸው። "እኔ ሌባ የማውቀው በር ሲሰብር ነው" አሉኝ። "ጋሼ፣ ይሄኛው በፍላሽ ተጋብዞ ነው የገባው" አልኳቸው። ዝም አሉ። በሳምንቱ ሁለተኛ ዲስክ ገዙ፤ ፒዲኤፉንም በገንዘብ ገዙ፤ ለልጁም የተለየ፣ ምንም መጫን የማይችል አካውንት ከፈትኩለት። ለሥራው የተከፈለኝ ከጓጉንቸሮቹ ዋጋ ያንሳል፤ ይህ ቅሬታ ነው፣ እዚሁ ይቅር።

አሁን ዲስኮቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ቢሮ ካዝና ውስጥ ሲቀመጥ ሌላው ጋሼ ቤት ብፌው ውስጥ፣ ከስኒዎቹ ኋላ ነው፤ በሳምንት በሳምንት ይለዋወጣሉ። በሦስት ወር አንዴ ከዲስኩ ላይ አንድ ወር ሒሳብ ባዶ ኮምፒውተር ላይ አስነሥተን እናያለን፤ የመጀመሪያውን ጊዜ አልተነሣም ነበር፣ ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ። ፕላስተሩ ተነሥቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ እትዬ ገልብጣ ስትጨርስ አንድ ቃል በቴሌግራም ትልክልኛለች፦ "ነቀልኩ"።

ባለፈው ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ፣ ዝም። ደወልኩላት።

"እትዬ፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?"

"መብራት የለም" አለችኝ። "ምኑን ሰክቼ ምኑን ልንቀል? መብራት ሲመጣ እገለብጣለሁ። እዚሁ ቁጭ ብዬ ቢን ካርድ እያመሳከርኩ ነው፣ አንተ ምሳህን ብላ።"